ሦስተኛውን ክኒን ከመግዛትህ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ አራቱ ስለ አባላዘር በሽታ ናቸው፣ አራቱም "መድኃኒት ተላመደ" በሚባለው ነገር የተጨነቁ። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። የማነሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ፣ አዳማ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ከወር በፊት ሽንቴን ስሸና እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ጀመር፣ በማግስቱ ፓንቴ ላይ ቢጫ መግል አየሁ። ጓደኞቼ "ጨብጥ ነው፣ ሲፕሮ ነቅሎ ይጥለዋል" አሉኝ። ከፋርማሲ ገዝቼ ዋጥኩ፣ ቀለል አለኝ፣ ከዚያ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። አሞክሳሲሊን ገዛሁ፣ አምስት ቀን ወሰድኩ፣ እሱም ያው ነው። አሁን አንዱ ጓደኛዬ "ቤት የተረፈ ዶክሲሳይክሊን አለኝ፣ ሞክረው" ይለኛል። ጨብጥ መድኃኒት ስለተላመደ አይድንም የሚባለው እውነት ነው? ደግሞ እጮኛ አለችኝ። እሷን ምንም አያማትም። የግድ ልነግራት ይገባል?
ጨንቆኝ ነው፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚያሳርፍህን ልንገርህ። ይድናል። የጓደኛህ ዶክሲሳይክሊን ግን እዚያው ቤቱ ይቀመጥ።

መድኃኒት ተላመደ የሚባለው ወሬ አይደለም፣ እውነት ነው። አይድንም የሚለው ግን ስህተት ነው። ጨብጥ የሚያመጣውን ባክቴሪያ አልበርት ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1879 ነው ያገኘው። በ1930ዎቹ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች መጡ፣ ሰው ተገላገልን አለ፣ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ብዙ ቦታ መሥራት አቆሙ። ቀጥሎ ፔኒሲሊን መጣ። መጀመሪያ ላይ በጣም ትንሽ መጠን ይበቃ ነበር፣ ከዓመት ዓመት ግን መጠኑን መጨመር ግድ ሆነ፣ በ1976 ደግሞ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም የያዘ ጨብጥ ተገኘ። አንተ የዋጥከው አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። ያ ኢንዛይም እሱንም ይሰባብረዋል። በ1980ዎቹ ቴትራሳይክሊንም ተራው ደረሰ፣ ዶክሲሳይክሊን ደግሞ የእሱ ቤተሰብ ነው።

ሲፕሮስ? ሲፕሮ በአንድ ፍሬ ጨብጥን የሚያድንበት ዘመን ነበር፣ ጓደኞችህ የሚያወሩልህ ያንን ዘመን ነው። አሜሪካኖች ከ2007 ጀምሮ ለጨብጥ አትስጡ ብለው አቁመውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ኡጋንዳ፣ ማላዊና ደቡብ አፍሪካ ያሉትን ጨምሮ በ12 አገሮች በሚያደርገው ክትትል፣ በ2024 ከታዩት ናሙናዎች 95 በመቶው ሲፕሮን የሚቋቋሙ ነበሩ። ስለዚህ ሲፕሮ ገዝተህ ስትውጥ ባክቴሪያው ቀድሞ የሚያውቀውን መድኃኒት ነው የሰጠኸው።

"ታዲያ ለምን ቀለለኝ?" ልትለኝ ትችላለህ። ደካሞቹ ሞቱ፣ ብዛታቸው ቀነሰ፣ ማቃጠሉ በረደ። የተረፉት ግን መድኃኒቱን የቻሉት ናቸው፣ በአራተኛው ቀን የተመለሱብህም እነሱ ናቸው። በዚህ ላይ ጨብጥ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ከሞቱ ጎረቤት ባክቴሪያዎች ዘረ መል እየለቀመ የራሱ ያደርጋል። የተለያየ መድኃኒት በግማሽ በግማሽ በወሰድክ ቁጥር ጠንካራው እየተመረጠ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልንገርህ። ክኒን ስላልሠራልህ ብቻ ተላምዶብኛል አትበል። ምናልባት ድነህ ከእጮኛህ ወይም ከሌላ ሰው እንደገና ይዞህ ይሆናል። ምናልባት ከጨብጡ ጋር ክላሚዲያ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታ አብሮ ይዞህ ይሆናል፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚመጡት። ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም የሚባል ሌላም አለ፣ እሱ የባክቴሪያ ግድግዳ ስለሌለው አሞክሳሲሊንም ሆነ የጨብጥ መርፌ አይነካውም፣ የራሱ መድኃኒት ነው ያለው። ይህንን ሁሉ እኔ በደብዳቤ፣ ፋርማሲስቱም በመስኮት በኩል አይቶ ሊለየው አይችልም። የሚለየው ናሙና ነው።

ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ ልንገርህ፣ ብዙ ወንድ የሚሸሸው እሱን ፈርቶ ነውና። ከመሄድህ በፊት ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ሽንትህን ያዝ። ባለሙያው ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ስንጥር ከሽንት ቧንቧህ መውጫ ትንሽ ገባ አድርጎ ያዞረዋል። ለአምስት ሰከንድ ያህል ይቆጠቁጣል፣ ዕንባ ዕንባ ይልሃል፣ ከዚያ አለቀ። ያንን መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ጨብጥ ከሆነ በነጭ የደም ሴሎች ሆድ ውስጥ ፊት ለፊት የተጋጠሙ ሁለት ሁለት የቡና ፍሬ የሚመስሉ ሮዝ ነገሮች ይታያሉ። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን አልረሳውም። ያን ሁሉ ሥቃይ የሚያመጣ ነገር እንዲህ ሥርዓት ያለው ቅርፅ ይኖረዋል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ግን ማብቀል ያስፈልጋል፣ ካልቸር የምንለው። ጨብጥ ከሰው አካል ሲወጣ ቶሎ የሚሞት ነው። ደም ተሞቆ የተሠራ ቸኮሌት የሚመስል ምግብ ይፈልጋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል። ዘመናዊ መሣሪያ የሌላቸው ላቦራቶሪዎች ሳህኑን ማሰሮ ውስጥ አስገብተው፣ ሻማ ለኩሰው ክዳኑን ግጥም ያደርጉታል። ሻማው አየሩን በልቶ ሲጠፋ ለባክቴሪያው የሚስማማው አየር ተዘጋጀ ማለት ነው። በኋላ በመድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ላይ ይደረደራሉ። በሚገድለው መድኃኒት ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይታያል፣ በለመደው ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ናሙናው አዲስ መድኃኒት ከመጀመርህ በፊት ከተወሰደ ነው። ለዚህ ነው ሦስተኛውን ክኒን አትዋጥ የምልህ።

ካልቸር ሁሉም ጤና ጣቢያ የለም፣ ይህንን አውቃለሁ። ባይኖርም ሂድ። በምልክቱ ብቻ ተነሥተው የሚያክሙበት መመሪያ አላቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ጨብጥን በዋናነት የምናክመው በሴፍትራክሶን ነው፣ በጡንቻ የሚሰጥ አንድ መርፌ። ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙን እንዲቀንስ በማደንዘዣ ይበጠበጣል፣ ቢሆንም ለደቂቃዎች ቂጥህን ይከብድሃል። መጠኑ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ 500 ሚሊግራም ነው፣ እንግሊዝ አንድ ግራም ትሰጣለች። ክላሚዲያ አለመኖሩ በምርመራ ካልተረጋገጠ ለእሱም ክኒን ይጨምሩልሃል። እዚያ ስትደርስ የወሰድከውን ሁሉ፣ ስንት ቀን እንደወሰድክም ሳይቀር፣ ሳታፍር ንገራቸው። ባዶ ማሸጊያው ካለህ ይዘህላቸው ሂድ። መርፌውን ወስደህ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ምንም ለውጥ ካላየህ ተመለስ፣ ያኔ ካልቸር ወደሚሠራ ሆስፒታል ሪፈር ማስጻፍ ግድ ነው።

በጣም የከፋውን ልንገርህና ፍርሃትህ ይውጣልህ። በ2018 አንድ እንግሊዛዊ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ደርሶ የያዘው ጨብጥ ሴፍትራክሶንንም፣ አዚትሮማይሲን የሚባለውን ክኒንም የቻለ ሆኖ ተገኘ። ዓለም ሁሉ ተደናገጠ። ሰውየው ሆስፒታል ገብቶ ለሦስት ቀን ኤርታፔነም የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፣ ዳነ። እሱ የዳነው ናሙናው በቅሎ ምን እንደሆነ ስለታወቀ ነው።

እጮኛህን በተመለከተ፣ አዎ፣ መንገር አለብህ። ይሄን ለስለስ አድርጌ ልነግርህ አልችልም። ብዙ ሴቶች ጨብጥ ይዟቸው ምንም አይሰማቸውም። እሱ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣል፣ ቱቦውን ያቆስላል፣ ነገ ልጅ ስትፈልጉ መካንነት ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሆኖ ይመጣል። አርግዛ ብትወልድ የሕፃኑን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሕፃናት እንደተወለዱ ዓይናቸው ላይ ቴትራሳይክሊን ቅባት የሚደረግላቸው ለዚህ ነው። "ጨረቃ ላይ ሸንቼ ነው" የሚለው የድሮ ሰበብ እሷን ከዚህ አያድናትም። እንዲህ በላት፦ "ታምሜ ታከምኩ፣ ሐኪሙ አንቺም ሳትታዪ አይሆንም ብሎኛል፣ አብረን እንሂድ።" ማን ለማን እንደሰጠ በምርመራ አይታወቅም፣ በዚያ አትጣሉ። ባለፉት ሁለት ወራት ከእጮኛህ ሌላ ሴት ከነበረች ያቺም ማወቅ አለባት። ሁለታችሁም ከታከማችሁ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ ግንኙነት አይደረግ፣ በኮንዶምም ቢሆን። እግረ መንገዳችሁን ኤችአይቪና ቂጥኝም ተመርመሩ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ጉሮሮዬ ላይ ጨብጥ ተገኘ አሉኝ። ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም! መርፌ ወጉኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ አሉኝ። ለጓደኛዬ ደግሞ ክኒን ይወሰድ ብለው ላኩለት። ለእሱ ክኒን ከሆነ ለእኔ ለምን መርፌ? ደግሞስ ድነሻል ብለው ለምን አይሸኙኝም? እንደ መጥፎ ሴት ያዩኝ መሰለኝ።
ያዘነች እህት

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲያውም በደንብ ያከሙሽ ናቸው። ብዙ ክሊኒክ ጉሮሮ መመርመርን ይረሳል። በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ ጨብጥ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያስልም፣ ምንም አይልም። ስለዚህ ያልመረመረ ሰው አያገኘውም።

የመድኃኒት መላመዱ ታሪክ ትልቁ ክፍል የሚፈጸመውም እዚያው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ጉሮሯችን ውስጥ የጨብጥ የአጎት ልጆች የሆኑ፣ ምንም ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ይኖራሉ። ለቶንሲል፣ ለጉንፋን፣ ለጥርስ እያልን አንቲባዮቲክ በዋጥን ቁጥር እነሱ መድኃኒት መቋቋምን ይማራሉ። ጨብጥ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ዘረ መላቸውን ይወስዳል። ሴፍትራክሶንን በከፍተኛ ደረጃ የሚቋቋም ጨብጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በጃፓን ኪዮቶ፣ በ2009 ከአንዲት ሴት ጉሮሮ ከተወሰደ ናሙና ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መድኃኒት ጉሮሮ ላይ እንደ ሽንት ቧንቧ በቀላሉ አይሳካለትም። ለጓደኛሽ የላኩት ሴፊክሲም የሚባለውን ክኒን ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ መርፌውን አያህልም፣ ጉሮሮ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ለዚህ ነው መርፌ የሰጡሽ። ለጓደኛሽ ክኒን የላኩት ምንም ሳይታከም ከሚቀር ይሻላል ብለው ነው፣ ብዙ ወንድ በእግሩ ክሊኒክ አይመጣምና። ከቻልሽ ግን ራሱ ሄዶ መርፌውን ቢወስድ እመርጣለሁ፣ በተለይ የእሱም ጉሮሮ ላይ ሊኖር ስለሚችል።

የሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ደግሞ መዳንሽን ለማረጋገጥ ነው፣ ለጉሮሮ ሁልጊዜ የሚደረግ ነው። ቶሎ ብትሄጂ የሞተ ባክቴሪያ ቅሪት ምርመራው ላይ ወጥቶ በከንቱ ሊያስደነግጥሽ ይችላል። በ14ኛው ቀን አካባቢ ሂጂ። ያን ቀን አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ "ካልቸር ሥሩልኝ" በያቸው። የተለመደው የዘረ መል ምርመራ ባክቴሪያው መኖሩን ይናገራል እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይነግርም። ስለ አስተያየታቸው ያልሽው አሳዝኖኛል። እዚያ ምን እንዳሰቡ እኔ አላውቅም፣ ያደረጉልሽ ሕክምና ግን የጥንቃቄ ሕክምና ነው። በዓለም ላይ በ2020 ብቻ 82 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ ሕመም እንደነበረ ይገመታል። ብቻሽን አይደለሽም።

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ፣ ጎንደር። ለጨብጥ አዲስ መድኃኒት ወጣ የሚባለው እውነት ነው? ክትባትም አለ ይላሉ።

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። አሜሪካ በ2025 መጨረሻ ዞሊፍሎዳሲንና ጌፖቲዳሲን የሚባሉ ሁለት የሚዋጡ መድኃኒቶችን ለጨብጥ ፈቅዳለች። ለዚህ በሽታ እንደዚህ ያለ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ሲመጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖናል። ዞሊፍሎዳሲን በውኃ ተበጥብጦ አንዴ የሚጠጣ ነው። 930 ሰዎች ላይ፣ ደቡብ አፍሪካንና ታይላንድን ጨምሮ በአምስት አገሮች ተሞክሮ፣ በብልትና በሽንት ቧንቧ ጨብጥ ላይ 90.9 በመቶውን አድኗል። መርፌው ከአዚትሮማይሲን ጋር 96.2 ነበር። ከመርፌው በለጠ አይባልም፣ ግን መርፌው የከሸፈ ቀን እጃችን ባዶ አይሆንም። አንተ ነገ መስኮቱ ጀርባ ስትቆም ይሄንን አስብበት። እነዚህም በየሱቁ ያለ ማዘዣ ከተሸጡ ዕጣቸው የሲፕሮ ነው። ክትባቱ ለማጅራት ገትር ቢ የተሠራው ነው፣ ሁለቱ ባክቴሪያዎች የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ ለጨብጥም በከፊል ይከላከላል፣ ከ30 እስከ 40 በመቶ አካባቢ። እንግሊዝ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ በብዛት ለሚጋለጡ ሰዎች መስጠት ጀምራለች።

ጥያቄ፦ ልጄ ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ደሴ ነው የምኖረው። ልጄ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለእርግዝና ክትትል ሄዳ ደሟ ላይ ቂጥኝ አለ ተባለች፣ እኔ ላይ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሦስት መርፌ በየሳምንቱ ትወስጃለሽ ብለዋታል። ሰው መድኃኒቱ ተላምዷል፣ መርፌው ልጁን ይጎዳዋል ይላል። ትውሰድ ወይ?

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ትውሰድ። ዛሬውኑ ካልጀመረች ነገ ትጀምር።

ቂጥኝና ጨብጥ በዚህ ነገር አይመሳሰሉም። ፔኒሲሊን ለቂጥኝ መስጠት የተጀመረው በ1943 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ፔኒሲሊንን የተላመደ ቂጥኝ አልታየም። የተላመደው አዚትሮማይሲንን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "መርፌው ይቅርባት፣ በክኒን ይተካላት" ቢልዎት እሺ አይበሉ። በእርግዝና ጊዜ በማህፀን ያለውን ልጅም ጭምር እንደሚያክም የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ሳይታከም ከቀረ ግን ሊያስወርዳት፣ ሞቶ ሊወለድ፣ ወይም በሽታውን ይዞ ሊወለድ ይችላል። በአምስት ወር መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሕክምናው ከመውለዷ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መጀመር አለበትና።

መርፌው እንደ ወተት የነጣ፣ ወፈር ያለ ነው፣ ቂጧ ላይ ያማታል፣ ማታ መቀመጥ ቢያስቸግራት አይደንግጡ። የመጀመሪያውን በወሰደች በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊመጣባት ይችላል። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚመጣ ነው፣ ያልፋል። ሆዷን እንደ ምጥ ከቆረጣት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ፔኒሲሊን ተሰጥቷት ያበጠችበት ወይም መተንፈስ ያቃታት ቀን ከነበረ ከመወጋቷ በፊት ይንገሩ።

ሦስቱ መርፌዎች ሰባት ሰባት ቀን ተራርቀው ነው የሚሰጡት። አንዱ ብዙ ቀን ከዘገየ እንደ አዲስ ከአንደኛው ሊጀምሩላት ነው፣ ስለዚህ ቀኑን እርስዎም ይያዙላት። ባልየውም አብሯት ሄዶ ይመርመር፣ ይታከም፣ ካልሆነ እሷ ድና ተመልሶ ይይዛታል። እሱ "እኔ ምንም የለብኝም" ካለ፣ እርስዎ ይዘውት ይሂዱ፣ የመጀመሪያው መርፌ ቀን ነው የሚሻለው።